በ30 ቀን 10 ኪሎ? ለቀጫጭን ወጣቶች ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ለቀጫጭን ወንዶች የተጻፈ ጽሑፍ አለ። አሳጥረን ስናስቀምጠው እንዲህ ይላል፦ ቀጭን ሰው ተፈጥሮው የበላውን ሁሉ ስለሚያቃጥል እንደ ሌላው በልቶ አይወፍርም፤ ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆዱ የአብሽ ውሃ ይጠጣ፣ አምስት ጥሬ እንቁላል ይዋጥ፣ ጥሬ ሥጋ ያዘውትር። በጾም ወራት ለውጥ ስለማይመጣ አይድከም። በፍስክ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ብረት ያንሳ። ይህ ሁሉ አልሆን ካለው ከፋርማሲ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ክኒን ይግዛ። እንዲህ ያደረገ በ30 ቀን 10 ኪሎ ይጨምራል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አንጠራጠርም። ስምንት ሰዓት ተኙ ማለታቸው፣ ቁርስ አትዝለሉ ማለታቸውም ልክ ነው። የቀረው ግን ከፊሉ ገንዘብ ያባክናል፣ ከፊሉ ጊዜ ይበላል፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰው ይጎዳል። በየተራ እንየው።

«በ30 ቀን 10 ኪሎ»

ከሂሳቡ እንጀምር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። አሥር ኪሎ 77,000 ማለት ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ከ2,500 በላይ ትርፍ ካሎሪ ይመጣል። 55 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ክብደቱን እንዳለ ለማቆየት በቀን 2,300 አካባቢ ይበቃዋል። እንግዲህ ጽሑፉ የሚለው ልጁ ከነገ ጀምሮ የሚበላውን ከእጥፍ በላይ ያድርግ ነው፣ ያውም አንድ ቀን ሳያጓድል። የሚችል ቢገኝ እንኳ የሚጨምረው በአብዛኛው ስብ ነው። ጡንቻ በዚያ ፍጥነት አይሠራም። ጀማሪ በደንብ በልቶ በደንብ ከሠራ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጡንቻ ካገኘ እሰየው ነው።

በጣም ለቀጠነ ጀማሪ ተገቢው ግብ በጠቅላላ በወር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ መጨመር ነው። ለዚህም በቀን ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ትርፍ ይበቃል። «እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨመርኩ» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ግን አብዛኛው በጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ስታርችና ውሃ፣ ከዚያም ገና ያልወጣ ምግብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቀጥ ሲል ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ይህን ስላላወቁ ነው።

ሚዛን ካነሳን አይቀር፦ ዛሬ መንገድ ዳር ከተቀመጠው ልጅ ሚዛን ላይ ጫማና ጃኬት አድርጎ፣ በሳምንቱ ፋርማሲ በር ላይ ካለው ላይ ከምሳ በኋላ መመዘን ምንም አይነግርም። ልዩነቱ ብቻውን ሁለት ኪሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ሚዛን ይመረጥ፤ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ተመዝኖ አማካዩ ይጻፍ። አማካዩ ለሁለት ሳምንት ካልተነቃነቀ በቀን 200 ካሎሪ ይጨመራል። ያ ማለት ወጥ ላይ ወይም እንጀራ ፍርፍር ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ገደማ ነው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ይይዛል።

«ቀጭን ሰው ተፈጥሮው የበላውን ያቃጥላል»

ጽሑፉ «ኤክቶሞርፍ» (በተፈጥሮው ቀጭን) የሚለውን ቃል እንደ ምርመራ ውጤት ይጠቀምበታል። ቃሉን ያመጣው ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሰውን አካል በሦስት ዓይነት ከፍሎ ከጠባይ ጋር ሊያያይዝ ሞከረ። የጠባዩ ነገር ውድቅ ከሆነ ቆየ። የቀረው ስያሜም የሰውየውን የዛሬ መልክ ከመግለጽ አልፎ ምን መብላት እንዳለበት፣ ምን ያህል ጡንቻ እንደሚያወጣ አይናገርም።

ሆኖም ከነገሩ ውስጥ የእውነት ፍሬ አለ፤ እሱን መካድ አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጄምስ ሌቪን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ 16 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ አበሏቸው። ሁሉም እኩል ትርፍ በልተው አንዱ ያጠራቀመው ስብ 0.36 ኪሎ ብቻ ሲሆን ሌላው 4.23 ኪሎ ደርሷል። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ስፖርት ያልሆነ እንቅስቃሴ ነበር፦ መቁነጥነጥ፣ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት። አንዳንዱ ሰው ብዙ ሲበላ ሳያውቀው ብዙ ይንቀሳቀሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምግብ አይሠራለትም ማለት ግን አይደለም። ለሌላው 300 የሚበቃው ትርፍ ለእሱ 600 ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚነግረው ሚዛኑ ነው።

በተግባር ከዚህ የበለጠ የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፤ «ብዙ እበላለሁ» የሚለው ግምት። እኛ አገር ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። አራት ሰው ከቦ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም፤ ቀስ ብሎ የሚበላና የሚያወራ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ተጎጂ ነው። (ጉርሻውን ቆጥሮ የሚያካክስለት አክስት ካለው ሌላ ነገር ነው።) ስለዚህ ለሦስት ቀን ብቻ የበላው ሁሉ ይጻፍ፦ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጭልፋ ወጥ፣ ስንት ዳቦ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ትልቅ ምሳ፣ ያልተበላ ቁርስና በሻይና በብስኩት የታለፈ እራት ነው። ጫት የሚቅም ከሆነ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ሲጋራም እንዲሁ ፍላጎት ይቀንሳል። ቡናም ከምግብ በፊት ሲደጋገም ሆድን ያታልላል፤ ከምግብ በኋላ ይሁን።

«ተፈጥሮ ነው» ማለት የሚያመጣው ሌላ አደጋም አለ፤ በሽታን ይሸፍናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ሆኖ የቆየና በቅርብ ወራት የከሳ ሰው አንድ አይደሉም። ሳይፈልግ የከሳ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ውሃ ጥምና ሽንት የበዛበት፣ ልቡ የሚመታና እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ሆዱ እየተመላለሰ የሚያስቀምጠው ከሆነ ብረት ከማንሳቱ በፊት ሐኪም ይየው። ቲቢ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ኤች አይ ቪ፣ ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ጥገኞች ሁሉ ያከሳሉ። የሰገራ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ቀላል ነገር ነው።

«የአብሽ ውሃ በባዶ ሆድ»

አብሽ ላይ ጠብ የለንም፤ ጥሩ ምግብ ነው። ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ አብሽ 35 ካሎሪና 2.5 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው ያለው። ታጥቦና ተዘፍዝፎ ውሃው ብቻ ሲጠጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይባስ ብሎ አብሽ ውሃ ሲነካው የሚያዝለገልገው ነገር የሚሟሟ አሰር ነው፤ ሆድ ውስጥ አብጦ ጥጋብ ይሰጣል። ሊወፍር የፈለገ ልጅ ከቁርስ በፊት ሆዱን በዚህ ሲሞላ ቁርሱ ይቀንሳል።

«እኔ በአብሽ ወፈርኩ» የሚሉት ሰዎች ታዲያ ዋሽተው ነው? አይደለም። አብሽን በብዛት የሚጠጡት በወተትና በማር ነው። ግማሽ ሊትር ወተት 300 ካሎሪና 16 ግራም ፕሮቲን፣ ሁለት ማንኪያ ማር ደግሞ 120 ካሎሪ ይሰጣሉ። ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ምስጋናውን ግን አብሽ ወሰደው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አብሽ ስኳር እንደሚያወርድ ይወቅ።

ፈሳሽ ምግብ ለቀጭን ሰው እጅግ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ግን ትክክል ነው፤ ሆድ ሳያጣብብ ካሎሪ ያስገባል። ከአብሹ ውሃ ይልቅ ይህ ይሞከር፦ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ ሙዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ (40 ግራም ያህል) በሶ። ሲፈጭ ወደ 620 ካሎሪና 22 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። የሚጠጣው ከምግብ በፊት ሳይሆን በምግቦች መካከል ወይም ማታ ከመኝታ በፊት ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው በእርጎ ይተካው። መፍጫ ማሽን ከሌለ በሶውና የለውዝ ቅቤው መጀመሪያ በትንሽ ወተት ይለወስ፣ ቀሪው ቀስ እያለ ይፍሰስበት፤ አንዴ ከተደፋበት ይጓጉላል።

«ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ሥጋ»

ይህን ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በቤልጂየም በተሠራ ጥናት አንጀት ከተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲወስድ ከጥሬው የወሰደው ግማሹን ብቻ ነበር። አምስት ጥሬ እንቁላል 30 ግራም ፕሮቲን ይመስላል፤ የሚደርሰው ግን 15 ነው። ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም ሊኖርበት ይችላል። ሦስቱን ቀቅሎ የበላ ከዚያ የተሻለ ያገኛል፣ ሁለት እንቁላልም ይተርፈዋል።

ጥሬ ሥጋ ለበዓልና ለወዳጅ ጨዋታ የራሱ ቦታ አለው። ከበሰለው የበለጠ ጡንቻ ይሠራል የሚለው ግን መሠረት የለውም፤ ቀይ ሥጋ በ100 ግራም 21 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ሲበስልም ፕሮቲኑ አይጠፋም። ጥሬው የሚጨምረው አንድ ነገር ቢኖር ርዝመቱ ሜትሮች የሚደርስ ትል ነው። አባቶቻችን ትሉን በመድኃኒቱ ስም «ኮሶ» እስኪሉት ድረስ ያውቁት ነበር። ሊወፍር ብሎ ትል ማሳደግ ምን ይሉታል?

«በጾም ወራት አይድከም»

ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ይህ ነው። ጾሙን ሁሉ የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በጾም ማረፍ ማለት ግማሹን ዓመት ማረፍ፣ በፍስክ የተገኘውንም በጾም መመለስ ማለት ነው።

ጡንቻ ለመሥራት በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃል። ለ55 ኪሎ ልጅ 88 ግራም ነው። የጾም ማዕድ ይህን ይሞላል ወይ? እንደምረው፤ ሁሉም ሳይበስል የተመዘነ ነው፦

250 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ፦ 915 ካሎሪ፣ 33 ግራም ፕሮቲን።
100 ግራም ምስር ወይም ባቄላ፦ 350 ካሎሪ፣ 24 ግራም።
80 ግራም የሽሮ ዱቄት፦ 290 ካሎሪ፣ 16 ግራም።
60 ግራም ለውዝ፦ 340 ካሎሪ፣ 15 ግራም።
100 ግራም በሶ፦ 350 ካሎሪ፣ 10 ግራም።
ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፦ 360 ካሎሪ።
አንድ አቮካዶ (150 ግራም የሚበላ)፦ 240 ካሎሪ፣ 3 ግራም።

ድምሩ 2,800 ካሎሪ አልፏል፣ ፕሮቲኑም 100 ግራም። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም። «የእህል ፕሮቲን ጎዶሎ ነው» የሚለውም ማዕዱን አላየም፦ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች እህል ላይ የሚያንሰው ላይሲን ጥራጥሬ ላይ ሞልቷል፤ ጥራጥሬ ላይ የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ እህል ላይ አለ። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሕዝብ ይህን ሳያሰላ ፈትቶታል።

የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ሽሮው ይቀጥናል። ለስድስት ሰው የተሠራች ቀጭን ሽሮ ውስጥ ለአንዱ የሚደርሰው ዱቄት ከ30 ግራም ላይበልጥ ይችላል፤ ቀሪው ውሃ ነው። ከተቻለ ወፈር ተደርጎ እንደ ተጋቢኖ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው በጾም የሚጠግበው በጎመን፣ በሰላጣና በድንች ነው፤ መልካም ናቸው፣ ግን ፕሮቲናቸው ትንሽ ነው። መጀመሪያ ክኩና ምስሩ ይበላ፣ ጎመኑ ይከተል። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ለመብላት የቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነ ምግቡን በሦስት ይክፈለው፦ 9 ሰዓት ላይ ዋናው ምግብ፣ 12 ሰዓት ላይ በሶና ለውዝ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሌላ ሙሉ ማዕድ። ብረቱን ከ11 ሰዓት በኋላ ያንሳ፤ በባዶ ሆድ ረፋድ ላይ ከባድ ቁጭ ብድግ መሥራት ራስ ያዞራል፣ የሚነሳውም ክብደት ይቀንሳል። በረመዳን የሚጾም ወጣትም ሂሳቡ ያው ነው፤ ሱሁሩን እንዳይዘል፣ ስፖርቱንም ከኢፍጣር በኋላ እንዲያደርግ ብቻ።

«በየቀኑ ሁለት ሰዓት»

ጡንቻ የሚያድገው ብረቱ ሲነሳ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ምግብና እንቅልፍ ሲያገኝ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሠራ ቀጭን ልጅ ያገኘውን ትርፍ ካሎሪ እዚያው ያቃጥለዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለጿሚ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቻሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ከጾሙ ጋር ዕረፍት ይሆናሉ።

ጽሑፉ ክንድና ደረት ላይ ያተኩራል፤ እግር የሚባል ነገር አያነሳም። የሰውነት ትልቁ ጡንቻ ግን እግርና መቀመጫ ላይ ነው፤ ኪሎ የሚፈልግ ሰው እሱን መተው አይችልም። በእያንዳንዱ ቀን አምስት እንቅስቃሴ ይሠራ፦ ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ወይም ፑሽ አፕ፣ ብረቱን ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንስቶ መቆም)፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ወይም ሾልደር ፕሬስ (ብረት ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት)። እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ በዙሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ዙሩ የሚያልቀው «አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እጨምር ነበር» የሚባልበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የቆመ ሰውነቱን አላስገደደም፤ በየዙሩ እስኪወድቅ የሠራ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀን አይደርስም።

ዋናው ቁልፍ ግን ደብተር ነው። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ በሚቀጥለው ቀን 2.5 ኪሎ ይጨመርና ከ8 ይጀመራል። ለሦስት ወር ያንኑ 20 ኪሎ የሚያነሳ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ቢያልበውም ሰውነቱ የሚያድግበት ምክንያት አላገኘም።

ጂም መግቢያ የሌለው አይቆዝም። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ሊትር መጨመር ይቻላል። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ጭማሪ ብዙ ጂም ውስጥም አይገኝም። ደረት ላይ አቅፎ ስኳት፣ በአንድ እጅ ወደ ጎን መሳብ ይሠራበታል። ጎዶሎ ጀሪካን ሲናጥ ሚዛን ስለሚያስት በዝግታ ይወረድ። ጀሪካኑ ከሞላ በኋላ ውሃው በአሸዋ ይተካል፤ አሸዋ በሊትር ከውሃ በግማሽ ያህል ይከብዳል። በሰፈር ጣሳ ላይ ሲሚንቶ ሞልቶ ብረት የሚሠራ ልጅ ደግሞ ከመሙላቱ በፊት የሁለቱን ጣሳ ሊጥ ይመዝን። አንዱ ጎን በአንድ ኪሎ ከከበደ ጥፋቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ትከሻና ወገብ ላይ ነው።

ሩጫ አትሩጡ ማለታቸውም ተጋኗል። በሳምንት ሁለት ቀን 20 ደቂቃ ሶምሶማ ጡንቻ አይበላም፤ እንዲያውም የምግብ ፍላጎት ይከፍታል።

ስለ ዱቄቱ

ጽሑፉ በመሐል «የውጭ ፕሮቲን» ይላል። ክብደት ለመጨመር ተብሎ በትልቅ ባልዲ የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን፣ ማለትም ርካሽ ስታርች ነው፤ በሶና ሙዝ ያንኑ በጥቂት ብር ይሠራሉ። ገንዘብ የተረፈው ጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ክሬአቲን (ጡንቻ ለኃይል የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር፣ በዱቄት የሚሸጥ) ቢወስድ በማስረጃ የተደገፈ ጥቅም አለው። ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚያስገባ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ያህል ቢያሳይ አይደነቅ። የኩላሊት ሕመም ያለበት አይንካው።

«የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ክኒን»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የክኒኑን ስም አልጠቀሱም፤ በተግባር ግን ለዚህ ጉዳይ ያለ ማዘዣ ከሚዋጡት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፤ የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን እግረ መንገዱን ረሃብ ያመጣል። እንቅልፍ ያበዛል፤ መኪና ለሚነዳና ማሽን ላይ ለሚሠራ አደጋ ነው። ሲቆም ረሃቡ አብሮ ይቆማል፣ ኪሎውም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ነው፤ በተለምዶ «ዴክሳ»። ወንድሙ ፕሬድኒሶሎንም አብሮ ይቆጠራል። እነዚህ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን የሚተኩ ኃይለኛ መድኃኒቶች ናቸው። የሚወስዳቸው ሰው በሳምንታት ውስጥ ፊቱ ይሞላል፤ ጎረቤትም «አማረብህ» ይላል። ፊቱ ላይ የታየው ግን ስብና ውሃ ነው፤ ስቡ ወደ ፊት፣ ወደ ማጅራትና ወደ ሆድ ሲሰበሰብ የእጅና የእግር ጡንቻ እየፈረሰ ይሄዳል። ጡንቻ ፈልጎ የመጣ ልጅ ጡንቻውን እየሸጠ ጉንጭ ይገዛል። ከዚያም የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊነሳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው መውጫው ነው። ክኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ «ሥራዬን ሌላ ይሠራልኛል» ብሎ ኮርቲሶል ማምረቱን ያቆማል። ሰውየው ክኒኑን ድንገት ሲተው ሰውነቱ ባዶውን ይቀራል፦ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ፣ ካልታከመም ሞት። ስለዚህ ይህን አንብቦ ክኒኑን ዛሬውኑ ወደ ቆሻሻ መጣል የሚያምረው ወጣት ካለ፣ ከጥቂት ሳምንት በላይ ወስዶት ከሆነ አይጣለው። ከነማሸጊያው ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ስንት ሚሊ ግራም ለስንት ቀን እንደወሰደ ሳይደብቅ ይንገር። መጠኑ በሳምንታት ደረጃ በደረጃ ይቀነስለታል። በዚያ መሐል ትኩሳት ከያዘው፣ አደጋ ከደረሰበት ወይም ለቀዶ ጥገና ከገባ፣ ይህን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ለሚያክመው ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ነገር ይሁን።